ፋይሉን የያዘው ሰው የት ሄደ?



በጋራ ፎልደር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ለመክፈት ስትሞክሩ ብቅ ትልና ፋይሉን እገሌ ይዞታል፣ ለንባብ ብቻ ይከፈትልህ ወይስ ሲለቀቅ ልንገርህ ትላለች። እገሌ አጠገባችሁ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ «እባክህ ዝጋልኝ» ማለት ብቻ ነው። እገሌ ከትናንት ወዲያ ለመስክ ሥራ ወጥቶ፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ፣ ፋይሉ ግን አሁንም በእጁ ነው ሲባልስ? አንዳንዱ አይቲ ይጠራል። አንዳንዱ ፋይሉን ኮፒ አድርጎ በሌላ ስም ይሠራል፤ በሳምንቱም ፎልደሩ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ተደርድረው ይገኛሉ።

ዛሬ የምነግራችሁ ያቺ መስኮት ከየት እንደመጣች ነው። ነገሩ ተራ የቢሮ ጣጣ ቢመስልም ከሥሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከ40 ዓመት በላይ የታገሉበት ጥያቄ አለ፦ በኔትወርክ ማዶ ያለ ማሽን ዝም ሲል ሞቶ ነው ወይስ ዘግይቶ?

በቅድሚያ መቆለፍ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሒሳብ ሹሟ የበጀት ፋይሉን ከሰርቨር ትከፍታለች። በ3 ሰዓት ከ5 የግዥ ሠራተኛው ያንኑ ፋይል ይከፍታል። አሁን አንድ ፋይል አለ እንላለን እንጂ በእርግጥ ያሉት ሦስት ናቸው፦ ሰርቨሩ ላይ ያለው፣ በእሷ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ቅጂ፣ በእሱ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ቅጂ። እሷ የነዳጅ ወጪውን አስተካክላ በ3 ሰዓት ከ20 ሴቭ አደረገች። እሱ ሁለት ፕሪንተር ጨምሮ በ3 ሰዓት ከ30 ሴቭ አደረገ። ፕሮግራሙ ሴቭ ሲያደርግ የተለወጠችውን መስመር ብቻ መርጦ አያስገባም፤ ፋይሉን በሙሉ በላዩ ላይ ይጽፈዋል። የእሱ ቅጂ የተወሰደው ከእሷ እርማት በፊት ስለሆነ የነዳጁ እርማት ድራሹ ጠፋ። ማንም የስሕተት መልእክት አላየም። ኮምፒውተሮቹም የታዘዙትን ፈጽመዋል። እሷ እርማቱን በገዛ እጇ ስላስገባች ዳግመኛ አታየውም፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ባለሙያዎች ይህን የጠፋ ማሻሻያ ይሉታል። መፍትሔው ለሰሚ ግልጽ ነው፦ አንዱ ሲከፍት ለሌላው ይቆለፍ። ግልጽ የማይሆነው ማን ይቆልፍ፣ ማንስ ይፍታ የሚለው ነው።

የድሮውን መዝገብ ቤት አስቡ። ፋይል ሲወጣ በቦታው ካርድ ይገባል፤ ካርዱ ላይ የወሰደው ሰው ስምና ቀን ይጻፋል። ሌላ ሰው ፋይሉን ሲፈልግ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ካርዱን አይቶ ወደ እገሌ ቢሮ ይሄዳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ካጣውም ጎረቤቱን ይጠይቃል። ታሟል፣ ተዛውሯል፣ አርፏል ይባላል፤ ፋይሉም ከመሳቢያው ይወጣል። የኮምፒውተሩ ሰርቨር ካርዱን መጻፍ ይችላል፤ በር ማንኳኳትና ጎረቤት መጠየቅ ግን አይሆንለትም። እሱ ያለው አንድ ሽቦ ነው። በዚያ ሽቦ መልእክት ልኮ መልስ ካጣ፣ የዚያኛው ማሽን መብራት ይጥፋ፣ ገመዱ ይነቀል ወይም ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ይንተፋተፍ፣ ለሰርቨሩ ሁሉም ያው ዝምታ ነው።

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ይህ ችግር የለም። ፋይል የሚቆልፈው ፕሮግራምና ቁልፉን የሚመዘግበው የኮምፒውተሩ እምብርት (ከርነል) አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ፕሮግራሙ ድንገት ቢሞት እምብርቱ ወዲያው ያውቃል፣ የያዘውን ሁሉ ይፈታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዩኒክስ ፋይል የሚቆልፍ ትእዛዝ ነበረው፤ ሌላው የዩኒክስ ቤተሰብ ደግሞ የፋይሉን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ የሚቆልፍበትን የራሱን ዘዴ አበጀ። ሁለቱም በልማድ የመግባባት መቆለፊያዎች ናቸው፤ ቁልፍ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ፕሮግራም ያስቆሙታል፣ ሳይጠይቅ በቀጥታ የሚጽፈውን ግን አያስቆሙትም። ሊኑክስ በግድ የሚያስቆም መቆለፊያም ነበረው፤ የሚጠቀምበት ስለጠፋና ራሱም አስተማማኝ ስላልነበር በ2021 ከእምብርቱ ተነቅሎ ወጣ። በማይክሮሶፍት ሠፈር ባህሉ ሌላ ነው። በ1984 ከወጣው ዶስ 3.0 ጀምሮ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ሌሎች ምን እንዲፈቀድላቸው እንደሚፈልግ አብሮ ይናገራል፦ ያንብቡ ግን አይጻፉ፣ ወይም ጭራሽ አይንኩት። ይህ እውነተኛ ክልከላ ነው። አንድ ፎልደር ለሊኑክሱም ለዊንዶውሱም በአንድ ላይ ሲከፈት የሚመጣው ግራ መጋባት ግማሹ ከእነዚህ ሁለት ባህሎች ልዩነት የሚወለድ ነው።

የሁለተኛው የዩኒክስ ዘዴ አንድ ጠባይ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ፕሮግራም አንድን ፋይል ሁለት ጊዜ ከፍቶ አንዱን ብቻ ቢዘጋ፣ በሌላው በኩል የያዘው መቆለፊያ ሁሉ አብሮ ይፈታል። ፕሮግራመሩ ቆልፌያለሁ ብሎ እየሠራ ሳለ፣ ከሌላ ሰው የወሰደው የፕሮግራም ቁራጭ ያንኑ ፋይል ለአፍታ ከፍቶ ይዘጋዋል፤ በዚያች ቅጽበት ቁልፉ የለም፣ የነገረውም የለም። ይህ እንዴት ደንብ ሆኖ እንደጸደቀ ለእኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሊኑክስ ከዚህ ጣጣ የጸዳ አማራጭ ያቀረበው በ2014 ነው።

ወደ ኔትወርኩ እንሂድ። በ1984 ካሊፎርኒያ ያለው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤንኤፍኤስ የሚባለውን የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት ሠራ፤ ረስል ሳንድበርግና ባልደረቦቹም አሠራሩን በ1985 በጽሑፍ አስረዱ። የሐሳቡ ውበት ሰርቨሩ ምንም እንዳያስታውስ መደረጉ ነው። ከሠራተኛው ኮምፒውተር የሚመጣው እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ሙሉ ነው፦ ከዚህ ፋይል፣ ከዚህ ቦታ ጀምሮ፣ ይህን ያህል ባይት ስጠኝ። ሰርቨሩ ይሰጣል፣ ይረሳል። መብራት ቢሄድበትና ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢነሣ የጎደለበት ነገር የለም፤ ጠያቂው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይልካል፣ ሰርቨሩ እንደተነሣ ይመልሳል፣ ሥራ ይቀጥላል። መብራት በሚሄድበት አገር ሰርቨር ያስተዳደረ ሰው የዚህን ውበት ከማንም በላይ ያውቃል።

ታዲያ መቆለፊያ ምንድን ነው? መቆለፊያ ትዝታ ነው። ማን እንደያዘ የሚያስታውስ ከሌለ መቆለፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሰን መሐንዲሶች መቆለፊያውን ከኤንኤፍኤስ አውጥተው ለብቻው በሚሠሩ ሁለት ረዳት ፕሮግራሞች ላይ ጣሉት። አንዱ ቁልፎቹን ይመዘግባል። ሁለተኛው ቁልፍ የያዙትን ማሽኖች ስም ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሣም ዝርዝሩን እያየ ለእያንዳንዱ «ወድቄ ተነሥቻለሁ፣ የያዝከው ነገር ካለ አሁን ተናገር» ብሎ ይልካል። ከዚያ የምሕረት ጊዜ የሚባለው ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የድሮ ባለቁልፎች ብቻ ይስተናገዳሉ፤ አዲስ ጠያቂ ይጠብቃል፣ አለዚያ ሰርቨሩ ያስታወሰው ገና ሳይሟላ የአንዱን ቁልፍ ለሌላ ሊሰጥ ነው።

ሰርቨሩ ሲወድቅ ይህ አካሄድ ደህና ይሠራል። የሠራተኛው ኮምፒውተር ወድቆ በዚያው ሲቀርስ? ሁለተኛው ረዳት የማሽኑን ሞት የሚያውቀው ማሽኑ እንደገና ተነሥቶ ራሱ ሲነግረው ነው። የተቃጠለ ኮምፒውተር ተቃጥያለሁ ብሎ አይልክም። ቁልፉም አስተዳዳሪ በእጁ እስኪፈታው ድረስ በሙቱ ስም ይቀመጣል። የመስክ ሥራ የወጣው ሰውዬ ታሪክ እንግዲህ ከዚህ ጋር አንድ ዘር ነው።

በእነዚያ ዓመታት ፕሮግራመሮች ይፋዊውን መቆለፊያ ስላላመኑት የራሳቸውን መላ መቱ። የመላው መሠረት ባዶ ፋይል መፍጠር ነው፦ የቁልፍ ፋይሉ ካለ ተይዟል፣ ከሌለ እፈጥረዋለሁ። ነገር ግን በጊዜው ኤንኤፍኤስ «ከሌለ ፍጠር» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ አይፈጽምም ነበር። መኖሩን ማየት አንድ እርምጃ፣ መፍጠር ሌላ እርምጃ ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ማሽኖች እኩል «የለም» ብለው እኩል ይፈጥራሉ። ብልሃቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ስምና በፕሮግራሙ ቁጥር የተሰየመ፣ ሌላ ማንም የማይፈጥረው ፋይል ያዘጋጃል። ከዚያ ያንን ፋይል የቁልፉን ስም ሁለተኛ ስሙ አድርጎ ለመለጠፍ ይሞክራል። ስም መለጠፍ በሰርቨሩ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሥራ ነውና አሸናፊው አንድ ብቻ ነው። አሁን የምወደው ክፍል መጣ፦ ፕሮግራሙ አልሆነም የሚል መልስ ቢያገኝ ወዲያው አያምነውም። ምናልባት መለጠፉ ሰምሮ፣ የምሥራቹ መልስ መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ ጥያቄው ሲደገም «ስሙ ተይዟል» ተብሎ ይሆናል፤ የያዘው ግን ራሱ ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ፋይል ተመልሶ ስንት ስም እንዳለው ይቆጥራል። 2 ከሆነ ቁልፉ የእሱ ነው። ይህ ብልሃት ዛሬም በሊኑክስ መመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ምንም እንኳ በ1995 የወጣው ሦስተኛው የኤንኤፍኤስ እትም አንድ ትንፋሹን ቢያስገባም።

የቁልፍ ፋይል ግን ያው የመዝገብ ቤት ካርድ ነው። ወርድ ሰነድ ሲከፍት በቲልዴና በዶላር ምልክት የሚጀምር የተደበቀ ፋይል ሰነዱ አጠገብ ያስቀምጣል፤ ውስጡ የከፋቹ ስም አለ። ሊብረ ኦፊስም የራሱ አለው፣ ስምና ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጽፍበታል። ፕሮግራሙ በሰላም ሲዘጋ ካርዱን ያነሣል። መብራት ሲጠፋ የሚያነሣው የለም።

የባለቁልፉን ሞት ማወቅ ካልተቻለ ሌላ መንገድ አለ፦ ከመጀመሪያው ቁልፉን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መስጠት። ይህን በ1989 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬሪ ግሬይና ዴቪድ ቼሪተን ሊዝ ብለው አቀረቡት። ሰርቨሩ ቁልፉን የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ነው፤ ባለቁልፉ በሕይወት እስካለ ድረስ ያሳድሳል፣ ካላሳደሰ ይወድቅበታል። ሰርቨሩ ስለ ጠያቂው ዕጣ ፈንታ መጨነቁን ተወ፤ ሰዓቱን ብቻ ያያል። በ2000 የወጣው አራተኛው ኤንኤፍኤስ ሰርቨሩ አያስታውስም የሚለውን የቆየ እምነት ጥሎ ይህን ተቀበለ። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሊዝ ጊዜ 90 ሰከንድ ነው፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ያለው የምሕረት ጊዜም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ለአይቲ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። መብራት መጥቶ ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ ፋይል አልከፍት ብሎ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያስጠብቅ አልተበላሸም፤ ባለቁልፎችን እየጠበቀ ነው። በዚህ መሐል አለቃ ቆሞ ሲጮህ ተደናግጦ ሪስታርት ማድረግ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ሁለት ሦስቴ ሪስታርት ተደርጎ «በመጨረሻ እሺ አለ» የሚባል ሰርቨር ብዙ ጊዜ እሺ ያለው ስለተተወ ነው።

ሊዝ ችግሩን ፈታው? ግማሹን። አንድ ፕሮግራም ቁልፍ ይዞ ሳለ ማሽኑ ለ2 ደቂቃ ደርቆ ይቆይ። የጊዜ ገደቡ ያልፋል፤ ሰርቨሩ ቁልፉን ለሁለተኛ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ የመጀመሪያው ከድርቀቱ ይነቃል። እንቅልፍ እንደወሰደው አያውቅም፤ ለእሱ ቁልፉን ከያዘ ገና ቅጽበት ነው። የሚቀጥለውን መስመር ያስኬዳል፤ መስመሩም «ጻፍ» ይላል። ከመጻፉ በፊት ሰዓት ቢያይስ? ሰዓቱን ካየ በኋላ፣ ከመጻፉ በፊት ሊደርቅ ይችላል። በዚህ በኩል ማምለጫ የለም። የኮምፒውተር ተመራማሪው ማርቲን ክሌፕማን በ2016 ይህንኑ አጥብቆ ሲያስረዳ መፍትሔው በባለቁልፉ ሳይሆን በተቀባዩ በኩል መሆን እንዳለበት ጻፈ፦ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር እያደገ የሚሄድ ተራ ቁጥር ይሰጥ፤ ጽሑፉን የሚቀበለው ወገን 34 ቁጥርን አንዴ ካስተናገደ 33 ይዞ የመጣውን ይመልስ። አራተኛው ኤንኤፍኤስ ለራሱ ፋይሎች ተቀራራቢ መከላከያ አለው፤ ጊዜው ያለፈበት የቁልፍ መታወቂያ ይዞ የመጣ ጽሑፍ አይቀበልም። ቁልፉ የሚጠብቀው ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ነገር ከሆነ ግን ኤንኤፍኤስ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ስለ ቅጂ ደግሞ ጥቂት። ኔትወርክ ዘገምተኛ ስለሆነ የሠራተኛው ኮምፒውተር ያነበበውን አጠገቡ ያስቀምጣል። በሊኑክስ ላይ ኤንኤፍኤስ አንድ ፋይል ተለውጦ እንደሆነ ሳይጠይቅ ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ቃል የሚገባው ይህን ብቻ ነው፦ አንዱ ጽፎ ከዘጋ በኋላ የከፈተ ሌላ ሰው አዲሱን ያያል። ሁለቱም እንደከፈቱ ከቆዩ ግን ቃል የለም፣ ካልቆለፉ በቀር። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤስኤምቢ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ሰርቨሩ ለብቸኛው ከፋች «ብቻህን ነህ፣ አጠገብህ እንደልብህ አስቀምጥ፤ ሌላ ሰው ሲመጣ እነግርሃለሁ» ይለዋል። ሌላ ሰው ሲመጣ ያጠራቀምከውን አምጣ ይባላል። መልሱ ቢዘገይ አዲሱ መጪ ቆሞ ይጠብቃል። ለሰነድ ይህ ግሩም ነው። አሥር ሰው በየሰከንዱ ለሚነካካው የአክሰስ ዳታቤዝ ግን ፋይል የሚያበላሽ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለእነዚህ ፋይሎች ፈቃዱ እንዲዘጋ መምከር የአስተዳዳሪዎች ልማድ ሆነ።

መቆለፊያን በማሻሻል ሳይሆን በመተው የዳነም አለ። በድሮው የዩኒክስ ፖስታ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ይቀመጥ ነበር፤ አዲስ ደብዳቤ ሲገባና ባለቤቱ አሮጌውን ሲሰርዝ ከተጋጨ ሣጥኑ ይበላሻል። ፕሮግራመሩ ዳንኤል በርንስታይን በ1990ዎቹ ፋይሉን ፎልደር አደረገው። እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ፋይል ነው፤ ስሙ ከሰዓቱ፣ ከፕሮግራሙ ቁጥርና ከማሽኑ ስም ስለሚሠራ አይደገምም። በጊዜያዊ ክፍል ተጽፎ ሲያልቅ ወደ አዲስ ክፍል ይዛወራል፤ ማዛወሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ስለሆነ አንባቢ ግማሽ ደብዳቤ አያገኝም። የሚቆለፍ ነገር ስለሌለ በቁልፍ የሚሞትም የለም። በእኔ ዐይን በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ የለም።

ኤስኪውላይት የሚባለው፣ በየስልካችን ውስጥ ያለው ትንሽ ዳታቤዝ፣ በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ በመቆለፊያ የሚኖር ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው በኔትወርክ ፎልደር ላይ አታስቀምጡት፣ ብዙ የኔትወርክ መቆለፊያዎች ስሕተት አለባቸው ብለው ጽፈዋል። ፈጣኑ የአጻጻፍ ስልቱ ደግሞ በኔትወርክ ላይ ጭራሽ አይሠራም፤ ተጠቃሚ ፕሮግራሞቹ የጋራ ማህደረ ትውስታ ያስፈልጋቸዋል፣ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስና ልጨርስ፦ ፋይሉን የያዘው ሰው ሄዷል፣ ምን ይደረግ? የተደበቀችውን ፋይል ፈልጎ መሰረዝ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ካርዱ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ በኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ፣ ሼርድ ፎልደርስ ሥር፣ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር አለ፤ ከሊኑክስ ሰርቨር ለዊንዶውስ ፎልደር በሚያጋራው ሳምባ ላይ ደግሞ ይህንኑ የሚያሳይ አንድ ትእዛዝ አለ። ፋይሉ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የተደበቀችው ፋይል ትርፍራፊ ናትና ሰርዟት። ካለ ግን የሰውዬው ኮምፒውተር ምናልባት አልጠፋም፤ ክፍሉ ውስጥ ተቆልፎበት ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይዞ ተቀምጦ ይሆናል። ከሰርቨሩ በኩል በግድ መዝጋት ይቻላል፣ ያልተቀመጠው ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል አውቆ። ስልክ ደውሎ የክፍሉን ቁልፍ ማስመጣት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ብዙ ሰው እኩል የሚጽፍበት የሒሳብ ወይም የንብረት መዝገብ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ከጋራ ፎልደር አውጥታችሁ፣ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ፕሮግራም በኩል ወደሚያልፍበት እውነተኛ የዳታቤዝ ሰርቨር አዛውሩት፤ እዚያ ቁልፉን የሚይዘውና የሚፈታው አንዱ ፕሮግራም ራሱ ነው።